ቃላችን አብሮን ይቀበራል

እኩዮቼ፣ የገበዝ ማርያም፣ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የዙሪያው ገጠር አረጋውያን! የኑዛዜን ጉዳይ ልጆቻችን ሊያነሱብን አይችሉም። ቢያነሱት «ሞቴን ትጠብቃለህ?» ብለን እናሳፍራቸዋለን። ቄሱ በይሉኝታ ያልፉታል፤ ሹሙም አያገባውም። ስለዚህ ከእኛው መሃል አንዱ፣ ከእናንተ ጋር ጠጉሩ የሸበተ፣ ከእናንተ ጋር ሲቀብርና ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ቢናገረው ይሻላልና እኔ እናገራለሁ። ኑዛዜያችንን ሕግ በሚያውቀው መንገድ ሳንጽፍ ከሞትን ልጆቻችንን አጣልተን፣ አንዳንዴም አጋድለን እንሄዳለን። ቃሉን ያከበድኩት አውቄ ነው።

የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰውየው ይሞታል። ለቅሶው ያምራል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራ ያመጣል። አርባው ሳይወጣ ግን ወንድማማቾቹ በተለያየ ጥግ መቀመጥ ይጀምራሉ። በሬዎቹን ማን ይጠምድ? የላይኛውን ማሳ ማን ይረስ? ደብተሩን ማን ሸሸገው? ከዚያ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌ ያልቻለውን ወረዳ ፍርድ ቤት ይይዘዋል፤ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል፣ ከክልል ሰበር ይደርሳል። ለጠበቃና ለመጓጓዣ ሲባል የተጣሉበት በሬ ራሱ ይሸጣል። ክርክሩ ባላለቀበት በዚያ ሁሉ ጊዜ ክረምት አይቀርምና በሰኔ አንድ ማለዳ ሁለቱም ሞፈርና ቀንበራቸውን ይዘው አንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ደም ለማድረቅ ተጠርተን ስንቱ ደጅ እንደሄድን፣ ከስንቷ እናት እግር ሥር እንደወደቅን የምታስታውሱት እናንተው ናችሁ። ወደ ኋላ ሄዳችሁ የብዙውን ጠብ መነሻ ብትፈልጉት አባት በሕይወት ሳለ ሊያስጽፈው ሲችል ያላስጻፈውን ነገር ታገኛላችሁ።

ለምን እንደማናስጽፍ ይገባኛል። ያደግነው በቃል ነው። በርስቱ ዘመን ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ነበር። ሐረጉን የሚያውቀው ሽማግሌ ነው፤ ለወገኑ የሚሟገተው ደግሞ ፈጁ ነው። አለን ሆበን የሚባለው አሜሪካዊ አጥኚ ጎረቤታችን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣውም ይህንኑ የእኛን የርስት ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት የሽማግሌ ቃል ማስረጃ ነበር፤ «አባቴ ሲሉ ሰምቻለሁ» ያለ ሰው ይደመጥ ነበር።

ያ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ አበቃ። መሬቱ የመንግሥት ተባለ፣ በገበሬ ማኅበር ተደለደለ። በ1989 ሽግሽጉ መጣ፤ «ቢሮክራሲ»፣ «ፊውዳል» እየተባለ ካንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጠ። ከ1995 ወዲህ ደግሞ የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር በየቤታችን ገባ። በአንድ ሰው ዕድሜ የመሬቱ ሕግ ሦስት ጊዜ ተገለበጠ። እኛ ግን ስለ ውርስ ስናስብ ዛሬም አያቶቻችን ባሰቡት መንገድ እናስባለን። ዳኛው ሐረግ አይቆጥርም፤ ወረቀት አምጡ ይላል፤ ወረቀቱንም ከሕጉ አንቀጽ ጋር ያስተያየዋል።

የሚያስተያይበት ሕግ ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ኑዛዜን በሦስት መንገድ እንድናደርግ ይፈቅዳል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጻፍ፣ በቃል የሚደረግ። ለእኛ ለአብዛኞቻችን የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ራሳችን ልንጽፈው፣ ወይም እኛ እየተናገርን ሌላ ሰው ሊጽፍልን ይችላል። ተጽፎ ሲያልቅ ግን በእኛና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። እንደተነበበና በየትኛው ቀን እንደተነበበ በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። እኛም አራቱም ምስክሮች እዚያው፣ ወዲያውኑ መፈረም ወይም አሻራ ማድረግ አለብን። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ቁጥር 881 እና 882 የሚሉት ይህን ነው። ምስክሮቹ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ይሁኑ፤ በኑዛዜው የሚጠቀም ልጅ ወይም አማች ግን አታስቀምጡ፤ ነገ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

በሽምግልና ተቀምጬ እጄ ላይ የገባ አንድ ወረቀት ልንገራችሁ። በፌስታል ተጠቅልሎ ከሳጥኑ ሥር፣ ከሟቹ ጋቢ በታች ተቀምጦ የኖረ ነው። የደብተር ሉክ ነው፤ በሁለት ገጽ ተጽፏል። የታላቁ ልጅ ጽሑፍ ነው፤ የሚነበብ፣ ያማረ ጽሑፍ። የላይኛው ማሳ ለማን እንደሆነ፣ የወንዙ ዳር ለማን እንደሆነ፣ የጓሮው በርበሬ መደብ ለማን እንደሆነ ተዘርዝሯል። ክፍፍሉን ሳየው ሰውየው ሌሊት ሌሊት ሲያስብበት እንደኖረ ገባኝ፤ ለታመመችው ልጁ ከቤት የቀረበውን መሬት ሰጥቷል፣ በሬ ለሌለው በሬ ደርቧል። ከሥሩ የአውራ ጣቱ አሻራ በሰማያዊ ቀለም ጠልቆ ይታያል። የአራት ሰው ስምና ፊርማም አለ። ነገር ግን አራቱ በአንድነት አልተቀመጡም። ሁለቱ በዚያው ማታ ፈረሙ፤ ሦስተኛው በነጋታው ከገበያ ሲመለስ፤ አራተኛው ሰውየው ከተቀበረ በኋላ። ቀን የለውም። «በፊታችን ተነበበ» የምትል አንዲት መስመር የለችም። ቅር የተሰኘች ልጅ ከሰሰች፣ ኑዛዜውም ፈረሰ። ዳኛው የበደለው ሰው የለም፤ ሕጉ እንዲሁ ነው የሚለው። አራቱ ሰዎች አንድ ማታ አብረው ተቀምጠው፣ ሦስት መስመር ጨምረው ቢሆን ኖሮ የዚያ ሰው ፈቃድ ይጸና ነበር። ልጆቹ ዛሬ በአንድ ጽዋ አይገናኙም።

«የራሴ ጽሑፍ ነው» የምትሉም ተጠንቀቁ። በራስ እጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም፤ ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ራሳችሁ በእጃችሁ ልትጽፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ልትሉበት፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ልታኖሩበት ይገባል። ልጅ ጽፎት አባት የፈረመበት በዚህ አይገባም። በዚያ ላይ በሰባት ዓመት ውስጥ ለውልና ማስረጃ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስረከባችሁት ይሻራል። ከ2008 ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ካለ ዛሬ አውጥታችሁ እዩት።

ለነፍስ አባታቸው ነግረው ልባቸውን ያሳረፉ ብዙዎች ናቸው። ለንስሐ አባት መንገር ለነፍስ ይጠቅማል፤ ይህን አልነካም። ከፍርድ ቤት ሲደረስ ግን ቄሱ አንድ ሰው ናቸው፤ ሕጉ የሚጠይቀው አራት ነው። በጣር ላይ ሆኖ ዘመድ ሰብስቦ መናገርም አይበቃም። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት ይደረጋል፤ የሚጸናው ግን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳጊ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በግ አይገዛም። ሰውየው ተርፎ ከተነሣ ደግሞ ቃሉ በሦስት ወር ይሻራል። ስለዚህ ቤትን፣ ከብትን፣ የባንክ ገንዘብን፣ መሬትን በአልጋ ላይ በቃል የሚያወርስ ሰው ምንም አላወረሰም።

ከሁሉ የከፋው በእርግማን መተማመናችን ነው። «ቃሌን ያፈረሰ ይረገም፣ ልጅ አይውጣለት» ብለን ተቀምጠናል። እስኪ አስቡት፤ ከዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ የበለጠ የሚፈራ ቃል ማን ነበረው? በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሼ ነው ብለው አስነገሩ፤ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አደረጉለት፤ መኳንንቱን አስማሉ፤ ያፈረሰውን ረገሙ። በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ እነዚያው የማሉት መኳንንት ልጅ ኢያሱን ከዙፋን አወረዱት፤ አቡነ ማቴዎስም ከመሐላቸው ፈቷቸው። ከአንድ ወር በኋላ በሰገሌ ሜዳ ያለቀው የሰው ብዛት እስከ ዛሬ ይነገራል። የንጉሠ ነገሥቱ እርግማን ያልያዘውን የእኛ እርግማን ይይዘዋል? ከልጆቻችን መካከል የሚፈራ ይኖራል፤ የሚፈራው ግን ድሮም የማይጣላው ነው። ለማይፈራው የምትተዉለት ነገር ያስፈልጋችኋል፤ እሱም ዳኛ የሚያነበው ወረቀት ነው።

ባልና ሚስት በፍቅር ተቀምጠው በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይናዘዛሉ። ይህን የሚያደርጉት ተስማምተው የኖሩት ናቸው፤ አይቼ አዝኛለሁ። ሕጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ላይ የሚያደርጉትን ኑዛዜ አይቀበልም። ለየብቻ፣ በየራሳችሁ ወረቀት አስጽፉ። ቃሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም ምንም አይደለም።

መሬቱንና ሌላውን ሀብት ደግሞ ለያይታችሁ እዩ። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፤ ለእኛ ያለን የይዞታ መብት ነው። ይህን መብት በኑዛዜ ማስተላለፍ ይቻላል፤ የሚገዛው ግን በክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው፤ በ2016 ደግሞ አዲሱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ወጥቷል። ስለዚህ መሬት የሚነካ ኑዛዜ ከመጻፋችሁ በፊት ደብተራችሁን ይዛችሁ የቀበሌውን የመሬት ባለሙያ ጠይቁ። ቤቱ፣ ከብቱ፣ እህሉ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የባሕር ዛፉ ግን የራሳችሁ ሀብት ነው። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ ስንቱን እንዳጣላ ታውቃላችሁ፤ መሬቱ በአንዱ ስም፣ ዛፉን የተከለው ሌላው። «መሬቱ ለእገሌ» ብላችሁ ዛፉን ሳትጠቅሱ አትለፉ። የድንበሩንም ምልክት አስጽፉ፤ ቦዩን፣ ግራሩን፣ ድንጋዩን። ያንን ድንጋይ ማን እንዳቆመው የሚያውቅ ከእኛ ሌላ ሰው አልቀረም።

ቡሬ ዙሪያ የኢንዱስትሪው ፓርክ ሲመጣ፣ መንገድ ሲሰፋ፣ ከተማ ሲያድግ ካሳ ይከፈላል። ካሳው የሚከፈለው በደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ባለይዞታ ነው። ደብተሩ አሁንም በሟች አባት ስም ከሆነ ሃያ ዓመት ተሰብስበው በዓል ሲያከብሩ የኖሩ ወንድማማቾች በአንድ ሳምንት ባላጋራ ይሆናሉ። ያለ ገንዘብ የተኛ ጠብ ገንዘብ ሲመጣ ይነሣል።

አሁን የሚያስቆጣችሁን ልናገር። «ሴት ልጅ ባሏ ዘንድ አላት፤ መሬት ለወንዱ ነው፤ ባህላችን ነው» እንላለን። ባህላችን አልነበረም። ርስት በእናትም በኩል ይመጣ ነበር፤ ሴት ልጅም በአባቷ ርስት ትቆጠር ነበር፤ ስንቶቻችሁ የምታርሱት መሬት በእናታችሁ ስም የመጣ ነበር? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬትና በውርስ ከወንዶች እኩል መብት አላቸው ይላል። ዝም ብላችሁ ለወንዶቹ ብትተዉት ሴቷ ትከሳለች፣ ትረታለችም፤ ያን ጊዜ ወንድሞቿ የሚጠሏት በእኛ ምክንያት ነው።

ከቤት ውጭ የተወለደ ልጅ ያላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ደምበጫ ገበያ ወይም ቡሬ፣ ወይም በወታደርነት በሄዳችሁበት አገር የቀረ ልጅ። በቀብራችሁ ቀን ጥግ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ይኖራል፤ ዓይኑን ያየ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ሕጉ በጋብቻ በተወለደና ያለ ጋብቻ በተወለደ ልጅ መካከል በውርስ ልዩነት አያደርግም። ስለዚህ ይመጣል፤ መምጣቱም መብቱ ነው። በሕይወት ሳላችሁ ለሚስታችሁና ለልጆቻችሁ ነግራችሁ፣ ልጄ ነው ብላችሁ አስጽፋችሁ፣ ድርሻውን አስታውቃችሁ ብትሄዱ እንደ ወንድም ይቀበሉታል። ከሞታችሁ በኋላ በክስ ቢመጣ እናታቸውን የሰደበ ሌባ ይመስላቸዋል። በዚያ ጊዜ የሚፈሰው የእሱም የእነሱም ደም የእናንተው ነው። ኀፍረቱን ተሸክማችሁ ወደ መቃብር አትውረዱ፤ ኀፍረት ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ይዞት የሚወርደውን እንጂ የሚተወውን ሸክም አያይም።

ሚስቶቻችን ደግሞ አሉ። ብዙዎቻችሁ ሚስት ከባሏ ትወርሳለች ብላችሁ ታስባላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የወራሾች ተራ ውስጥ ሚስትም ባልም የሉም። መጀመሪያ ልጆች፣ ልጅ ከሌለ ወላጆች፣ ከዚያ ወንድምና እኅት እየተባለ ይወርዳል። ሚስት የምትወስደው የጋራ ሀብቱን ግማሽና የግሏን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሚስቱ ሞታበት በስተርጅና ያገባ ሰው፣ ቤቱም ከዚህች ጋብቻ በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ሁለተኛይቱ ሚስት ምን እንደሚገጥማት አስቡ። ገላውን አጥባ፣ ሽንቱን ደፍታ፣ ዓይኑን ከድና ከቀበረችው በኋላ የእንጀራ ልጆቿ በአርባው ማግስት ቁልፉን ይጠይቋታል። ልጅ የሌላችሁ ባልና ሚስትም እንዲሁ ናችሁ፤ አርባ ዓመት የሠራችሁት የእናንተ ነው፤ ከሞታችሁ በኋላ ግን የባልየው ወንድሞች ይመጣሉ። ይህን የሚከለክል ኑዛዜ ብቻ ነው። አንድ ወረቀት። ለእሷ ስትሉ ዛሬ አስጽፉት።

ዐረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ነገር ልቤን ያደማዋል። ልጅቷ ቤሩት ወይም ጅዳ የሰው ቤት እየጠረገች ብር ትልካለች። አባት በዚያ ብር ፍኖተ ሰላም ዳር ቦታ ይይዛል፣ ቆርቆሮው የሚያበራ ቤት ይሠራል። ወረቀቱ በማን ስም ነው? በአባት። አባት ሲሞት ቤቱ የውርስ ሀብት ይሆናል፤ አንድ ብር ያላወጡ ወንድሞች እኩል ይካፈሉታል። እሷ በስልክ ታለቅሳለች። ደረሰኝ የላት፣ ምስክር የላት፣ ለክርክር የምትመጣበት ፈቃድ የላት። የልጃችሁን ላብ በስማችሁ የያዛችሁ ካላችሁ በሕይወት ሳላችሁ በስሟ አዙሩላት፤ ካልተቻለ የእሷ ገንዘብ እንደሆነ በኑዛዜ አስጽፉ።

ሌላም አለ፤ ልጆቻችንን ሳናማክር የሰጠነውና የወሰድነው። በርቢ የተሰጠች ላም እገሌ ቤት አለች፤ ማሳው በመጋዞ ለእገሌ ተሰጥቷል፤ ሌላው በወለድ አገድ ተይዟል፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፤ ከባንክ የተወሰደ ብድር አለ። ይህን ሁሉ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ከሞትን ላሟ የያዛት ሰው ትሆናለች፣ ወለድ አገዱም «ሸጦልኛል» ይባላል። ዕዳ ደግሞ አይቀበርም፤ ውርሱ ከመከፈሉ በፊት ዕዳ ይከፈላል። ዘርዝራችሁ አስጽፉ፤ የማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ያውቃል የሚለውን ጭምር። ጎጆ መውጫ ለማን ምን እንደሰጣችሁም ጻፉ፤ «አንተ ድርሻህን ወስደሃል» የሚለው ጠብ ከዚያ ነው የሚነሣው። ተዝካሩንም ወስኑ። ሕጉ የቀብር ወጪ የሚለው ቀብሩን ብቻ ነው፤ መታሰቢያውን አይጨምርም። ስለዚህ በሬ አርዶ፣ ተበድሮ፣ አገር ያበላ ልጅ «ከውርሱ ይቆረጥልኝ» ሲል ሌሎቹ እምቢ ይሉታል፤ ሕጉም ከእነሱ ጋር ይቆማል። ከየትኛው ገንዘብ፣ እስከ ስንት እንደሚወጣ ተናገሩ። ትንሽ ይሁን ማለትም ትችላላችሁ። በመጨረሻም ውርስ አጣሪ ሰይሙ፤ ልጆቻችሁ ሁሉ የሚሰሙት፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ከውርሱ የማይጠቀም ሰው።

ልጅን ለመንቀል የምታስቡ ካላችሁ ቆም በሉ። ስሙን ሳትጠሩ በዝምታ አትነቅሉትም፤ ሕጉ ዝም የተባለን ልጅ እንደተነቀለ አይቆጥረውም። መንቀል ከሆነ በግልጽ፣ ምክንያቱን ጽፎ ነው፤ ምክንያቱንም ዳኛ ያየዋል። የጦራችሁን ልጅ ልትደርቡለት ከሆነም «የጦረኝ እሱ ስለሆነ» ብላችሁ ጻፉት፤ ካልጻፋችሁት «የጦርኩት እኔ ነኝ» የሚል ሌላ ይመጣል።

ሟርት ነው የምትሉ አላችሁ፤ ኑዛዜ ማስጻፍ ሞትን መጥራት ነው የምትሉ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ መሃል በደረሰው ድብደባ ከሆስፒታሉ በተነገረው ቁጥር ቢያንስ 26 ሰው በአንድ ቀን ሞቷል። ከእነሱ መካከል ሞትን የጠራ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በክልላችን ያለፈውን እናንተ ኖራችሁታል፤ መንገድ የሚዘጋበት፣ ቢሮ የሚዘጋበት፣ መዝገብ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ኑዛዜያችሁን በሦስት ቅጂ አስጽፉ፤ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ፊርማና ቀን ይኑር። አንዱን መዝገብ ቤት አስረክቡ፣ አንዱን ለውርስ አጣሪው፣ አንዱን ለራሳችሁ። ልጆቼ ከሰሙ ይንቁኛል፣ ይገፉኛል የሚል ፍርሃት ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፤ ኑዛዜ እስክትሞቱ ድረስ የእናንተ ነው፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ልትሽሩት፣ ልትለውጡት ትችላላችሁ። ያጠፋውን ልጅ ልትቀንሱበት፣ የተመለሰውን ልትጨምሩለት በእጃችሁ ነው።

ፍርድ ቤት ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ለእረፍት ይዘጋል። ክረምቱም መንገዱን ይይዘዋል። ስለዚህ ከሰኔ ሚካኤል በፊት አድርጉት። ጸሐፊ ከሌላችሁ የትምህርት ቤቱን መምህር ለምኑ። ከማኅበራችሁ አራት ሰው ምረጡ፤ ሁለቱ ከእናንተ በዕድሜ የሚያንሱ ይሁኑ፤ የእኛ እኩያ የሆነ ምስክር ከእኛ በፊት ሊሞት ይችላልና። አንድ ማታ ሰብስቧቸው፣ ይነበብ፣ ቀኑ ይጻፍ፣ ሳይበተኑ ይፈርሙ። ማንበብ የሚችል ሰው «በተናዛዡና በእኛ በአራታችን ፊት ተነበበ» የሚለው መስመር መኖሩን ከመፈረማችሁ በፊት በጣቱ እያሳየ ያንብብላችሁ።